ዘግይቶ የተከፈለ ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የጋሼ አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። ጠበል ጻዲቁን ቀምሰን ስንበተን አንድ የማላውቀው ወጣት ጠበቃ «እርስዎ ጋሼን በምን ያውቋቸው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእድራችን ዳኛ ነበሩ» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ግማሹን ግን ዋጥኩት። ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ2008 ኅዳር ላይ ለአራዳው ጊዮርጊስ ተስዬ ነበር፤ «ከዚህ ካወጣኸኝ ጃንጥላ አገባለሁ፣ በሰው ፊትም እመሰክራለሁ» ብዬ። ጃንጥላውን አስገብቻለሁ። ምስክርነቱን ግን «ታስራ ነበር» እንዳልባል እየፈራሁ ይኸው ስንት ዓመት አቆየሁት።

ሥራዬ ንብረት ክፍል ነበር፣ የአንድ ድርጅት ስቶር ኪፐር። ቆጠራ ሲደረግ 38 ካርቶን የፕሪንተር ቀለም ጎደለ፤ በወጣበት ሞዴል 22 ላይ የእኔ ስምና ፊርማ ተገኘ። ሞዴል 22 ዕቃ ከስቶር ሲወጣ የሚፈረምበት ወረቀት ነው። ፊርማው የእኔን ይመስላል፤ የእኔ አይደለም። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች መጥተው ወሰዱኝ። ቤት የአምስት ወር ሕፃን ነበረችኝ።

ያቺን ሌሊት እንዲህ በቀላሉ አልረሳትም። ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ነበርን፤ አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት «አሁን ተሳስተናል ብለው ይጠሩኛል» እያልኩ ዓይኔን ከበሩ ላይ አልነቀልኩም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጡቴ አጋተ። ልጄ የምትጠባበት ሰዓት ነው፤ ጡት ሰዓት ያውቃል። ድንጋይ ሆነ። ወተቱ ቀሚሴን አልፎ ሹራቤን አረጠበው፣ ከዚያ እዚያው ላዬ ላይ በረደ። ልጄ በዚያ ሰዓት እያለቀሰች እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ያህል አውቅ ነበር።

አጠገቤ ፒያሳ መንገድ ላይ ካልሲ ስትሸጥ የተያዘች ልጅ ተኝታለች። ቀና ብላ አየችኝና «እለቢው፣ ያለዚያ ይቆጣብሻል» አለችኝ። ውኃ የምትጠጣበትን የፕላስቲክ ኩባያ ሰጠችኝ፣ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችኝ። የልጄን ወተት ኩባያ ውስጥ አልቤ ጥግ ካለው ባልዲ ውስጥ ደፋሁት። ባልዲው የምን እንደሆነ አልናገርም። እህቴ፣ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ ተለያየን፤ ያለሽበት ድረስ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላሁት ያን ጊዜ ነው፤ ምን አስደበቀኝ። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» የሚለው መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ ከአፌ አይጠፋም። እሱን ጀምሬ «ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ላይ ስደርስ ቆምኩ። አላለፍኩም። «ታያለህ አይደል? ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? እኔስ እሺ፣ ልጄ ምን አደረገችህ?» አልኩት። የጴጥሮስን ሰንሰለት የፈታው መልአክ ለእኔም እንዲመጣ ጠበቅሁ። የመጣው «ዝም በይ!» የሚል ዘበኛ ነው። ተሳድቤ ሳበቃ ደግሞ ተሳልኩ፤ ሰው እንዲህ ነው። ሊነጋጋ ሲል የጊዮርጊስ ደወል ተሰማ፣ ቀጥሎ ኪዳኑ በድምፅ ማጉያ መጣ። ከሴቶቹ አንዷ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትል ሌሎቹ ተቀበሏት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ስሜ ተጠራ። ስወጣ የቆሙት ጋሼ ናቸው፤ ካፖርታቸውን እንደደረቡ፣ ፋይላቸውን በፌስታል ይዘው። እናቴ ሌሊት በራቸውን አንኳኩታ ኖሯል። «ሰርቀሻል ወይ?» አላሉኝም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጅቷ ምን እየጠባች ነው?» ብለው ነው። ቀጥለው «ስንት ሰዓት ላይ ያዙሽ?» አሉ። «10 ሰዓት» ስላቸው ጻፉት። «እንግዲያው እስከ ነገ 10 ሰዓት ፍርድ ቤት ያቀርቡሻል። 48 ሰዓት ነው የተሰጣቸው፤ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19። አይዞሽ ልጄ።» ከዚያ ተረኛዋን ፖሊስ ወደ ጎን ጠርተው አነጋገሯት። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ልጄን አቅፋ ገባች፤ ፖሊሷ የራሷን ወንበር ለቀቀችልኝና ፊቷን አዙራ ቆመች። እሷንም እግዚአብሔር ልጅ ይባርክላት።

ጋሼን ለማያውቅ ሰው፦ በ1956 የተከፈተው የ6 ኪሎው ሕግ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ቀደምት ተማሪዎች ናቸው። ዳኛ ሆነዋል፣ ኋላ ጥብቅና ይዘው ከባድ ከባድ የወንጀል ክርክር ቆመዋል። ሠፈር ውስጥ ግን ይህ አይወራም። የሚወራው ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማ እንደሚይዙ፣ የተጣላ ባልና ሚስት ካስታረቁ በኋላ ቡና ሳይጠጡ እንደማይወጡ ነው።

ቅዳሜ ተረኛ ችሎት ቀረብኩ፤ ፖሊስ 14 ቀን ጠይቆ 7 ተሰጠው፣ ከዚያ በ15 ሺህ ብር ዋስ ውጪ ተባለ። እኛ ጋ የለም። ወንድሜ ጋሼ ዘንድ ሄዶ ከእድሩ ካዝና እንዲያበድሩን ቢለምናቸው «የእድር ገንዘብ የቀብር ነው። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ፣ የማፈርሰው እኔ?» አሉት። እየተሳደበ ተመለሰ፤ እኔም ስሰማ ተቀየምኳቸው። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ባርኔጣቸውን ይዘው በየበሩ ዞሩ። ባርኔጣው ውስጥ መጀመሪያ የገባው 3 ሺህ ብር የራሳቸው መሆኑን የሰማሁት ቆይቶ ነው። ለጥብቅናውም አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። «ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነፃ ይሥራ ይላል ደንባችን» ይሉኝ ነበር። በእኔ ጉዳይ ብቻ ስንት 50 እንዳለፈ እንጃ።

ከዚያ 11 ወር ልደታ ፍርድ ቤት ተመላለስን። በእነዚያ ወራት በጊዮርጊስ ደጅ ሳልፍ አላማተብኩም።

ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ዋናው ምስክር የንብረት ኃላፊው ነበር። ጋሼ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሡ። ድምፃቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ዳኛዋ «ጠበቃ፣ ከፍ አድርገው» ብለዋቸዋል።

«ሞዴል 22ቱ የተፈረመው መቼ ነው?»

«ጥር 14።»

«ከየትኛው ጥራዝ የተቀደደ ነው? ቁጥሩን ያንብቡልን።»

አነበበ።

«ይህ ጥራዝ ራሱ ስቶር የገባበት ሞዴል 19 ከዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ጋር ተያይዟል። የገባበትን ቀን ያንብቡልን።»

ምስክሩ ወረቀቱን አገላበጠ። መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። «መጋቢት 2» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

«መጋቢት የገባ ወረቀት ጥር ላይ ተፈረመበት። ጨርሻለሁ» ብለው ተቀመጡ። ያንን ሞዴል 19 እኔ ራሴ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቀኑን ከቀኑ ጋር ማስተያየት ግን አልመጣልኝም። ማን እንደፈረመብኝ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይቅር ብያለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ገና ነኝ።

ችሎት የተመላለሰ ሰው ሁለት የአንቀጽ ቁጥር አይጠፋውም። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ 142 ከተባለ «ተከላከል» ነው፤ 141 ከተባለ ማስረጃው አላስረዳም፣ መከላከያ ሳታሰማ ወደ ቤትህ። ጥቅምት 2009 ላይ ዳኛዋ ያነበቡት 141ን ነው። እግሬ ከዳኝ፤ ጋሼ በክርኔ ይዘው አወጡኝ።

እናቴ ኮሪደር ላይ ልጄን ታቅፋ ተቀምጣለች። «ምን አሉ የኔ ጌታ?»

«141 አሉ፣ እትዬ። ነፃ ናት።»

እልል ትላለች ስል ዝም አለች። ልጅቷን ለእኔ ሰጥታ ዳዊቷን ከማኅደሩ አወጣች። የተልባ ዘይት የነካው የሚመስል ጥግ ጥጉ የወዛ ዳዊት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ክር ገብቶበታል። በጣቷ ቁጥሩን አሳየቻቸው፤ 141። (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 142 ተብሎ ይገኛል።) «ነፍሴን ከወኅኒ አውጣት» የሚለው። «ከተያዘች ጀምሮ ማታ ማታ እሷን ነው የምደግመው» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ዘመን 141 እያልኩ ስከራከር፣ ዳዊትም በ141 መከራከሩን ሳላውቅ!» ብለው ሳቁ፣ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና በመሐረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «እስቲ ይድገሙልኝ፣ እትዬ» አሉ። የሌላ ሰው መዝገብ እየተጠራ፣ ሰው እየተገፋፋብን፣ እናቴ ቆማ ደገመችላቸው።

ከልደታ በቀጥታ ጊዮርጊስ ሄድኩ። ደጀ ሰላሙን ተሳልሜ፣ በዚያች ሌሊት የቆምኩበትን ጨረስኩት፤ «ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው»። መልአኩ በካፖርትና በፌስታል ነበር የመጣው፤ እኔ ክንፍ ስፈልግ አላየሁትም።

በ2016 ሠፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እድራችን ተበተነ፤ አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ አራብሳ። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው መዝገቡን በፌስታል ይዘው በአውቶቡስ ለቅሶ ይደርሱ ነበር። ዘንድሮ ስኳሩ ጸናባቸው። በዚህ እግዚአብሔርን አልተቆጣሁትም፤ አለቀስኩ እንጂ።

በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ስንገናኝ «ጃንጥላውን አይቻለሁ፤ ሌላውስ?» ይሉኝ ነበር። እስቅና አልፈዋለሁ።

ጋሼ፣ ሌላውም ይኸው። አንተም ወንድሜ፣ እሑድ የጠየቅከኝ፣ ይህ ከደረሰህ፦ በ141 ነው የማውቃቸው።