ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ የወደቀው በወረቀቱ ነው

ብሬግዚት፣ ማለትም በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ የተወሰነው የብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት፣ በተነሳ ቁጥር የማይቀር ሙግት አለ። «ሕዝብ አንዴ ከወሰነ በኋላ እንደገና ይጠየቃል ወይ?» አንዱ «የሰጠነውን ድምፅ ልትነጥቁን ነው» ይላል፤ ሌላው «ሐሳብ መቀየር የማይቻልበት ዴሞክራሲ ምን ይባላል?» ይላል። ሁለቱም የሚያስኬድ ነገር አላቸው። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሁለተኛውን ሕዝበ ውሳኔ የጣለው መርህ አይደለም። የጣሉት ሁለት ደረቅ ነገሮች ናቸው፤ የድምፅ መስጫው ወረቀትና የቀን መቁጠሪያው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.አ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ የ2016ቱን ወረቀት እንይ። መንግሥት በሜይ 2015 ለፓርላማ ያቀረበው ረቂቅ «ዩናይትድ ኪንግደም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና መቀጠል አለባት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱ አዎ ወይም አይ። የምርጫ ኮሚሽኑ ጥያቄውን በመራጮች ላይ ሞክሮ፣ የአንዱን ወገን ሐሳብ ብቻ ስለሚጠራ ወደ «ትቀጥል» ያደላል አለ። እናም ተቀየረ፦ አባል ሆና ትቀጥል ወይስ ትውጣ? ሁለት ሳጥን፣ አንድ የኤክስ ምልክት።

ላለማዳላት ይህን ያህል የተጠነቀቀው ወረቀት «መውጣት» ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድ መስመር አልጻፈም። እንደ ኖርዌይ ከነጠላው ገበያ (ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው በነፃ ከሚዘዋወርበት የጋራ ገበያ) ሳይለዩ ከኅብረቱ ውጭ መሆን አለ፤ እንደ ካናዳ በንግድ ውል ብቻ መተሳሰር አለ፤ ያለ ምንም ስምምነት በሩን ዘግቶ መሄድም አለ። 17,410,742 ሰው «ትውጣ» ሲል ሦስቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ተደመሩ። «ትቀጥል» ያለው 16,141,241 ነበር። ሕዝበ ውሳኔውን የፈቀደው የ2015ቱ ሕግም ውጤቱ መንግሥትን ያስገድዳል አይልም። በ2011 የምርጫ ሥርዓቱን ስለመቀየር የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሕግ በአንጻሩ፣ ውጤቱ ሲታወቅ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። የ2016ቱን ያሰረው ፖለቲከኞቹ የገቡት ቃል ነው።

የድጋሚው ደጋፊዎች ቶሎ የሚጠቅሱት አየርላንድንና ዴንማርክን ነው፤ ሁለቱም አንዴ እምቢ ያሉትን የኅብረቱን ውል በድጋሚ ድምፅ አጽድቀዋል። ምሳሌው ግን እንደሚመስለው አይገጥምም። አየርላንድ የኒስን ውል በ2001 ስትጥል ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 35 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር «ሕዝቡ መች ወጣና?» ማለት ይቻል ነበር። ብሪታንያ ላይ 72.2 በመቶ ወጥቷል፤ ያ በር ዝግ ነው። ዴንማርክ በ1992 የማስትሪክትን ውል በጠባብ ልዩነት እምቢ ስትል ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በ1993 የቀረበላት ከአራት ጉዳዮች የመቅረት መብት የተጨመረበት ውል ነው፤ አንዱ ከጋራ ገንዘቡ መቅረት ነበር። በሁለቱም አገር መራጩ ፊት የቀረበው የተጻፈ ውል ነው። ለንደን ላይ በ2016 የተጻፈ ውል አልነበረም። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከኅብረቱ ጋር የተስማማችበት የመውጫ ሰነድ የመጣው በኖቬምበር 2018 ነው፤ እኔን ካላችሁኝ የድጋሚው ወገን ትልቁ መከራከሪያ መሆን የነበረበት ይሄ ነው። እነሱ ግን «ሰው ተታልሏል» በሚለው ላይ ጊዜ ፈጁ፤ «ትውጣ» ያለ ሰው ደግሞ ያንን የሰማው እንደ ስድብ ነው።

እሺ፣ ሁለተኛ ይጠየቅ ቢባልስ ምን ተብሎ? ምርጫው ሦስት ሆኗል፦ በሜይ ውል መውጣት፣ ያለ ስምምነት መውጣት፣ መቆየት። የቀድሞዋ ሚኒስትር ጀስቲን ግሪኒንግ በጁላይ 2018 ሦስቱም ወረቀቱ ላይ ይስፈሩ፣ መራጩም አንደኛና ሁለተኛ ምርጫውን ያመልክት ብላ ነበር። በምሳሌ እንቁጠረው። ከ100 መራጭ 40ው መቆየትን፣ 35ቱ ያለ ስምምነት መውጣትን፣ 25ቱ ውሉን አስቀደሙ እንበል። አንድ ምልክት ብቻ ከሆነ 60 ሰው መውጣት ፈልጎ መቆየት በ40 ያሸንፋል። ሁለተኛ ምርጫ ይቆጠር ከተባለ ውሉ መጨረሻ ነውና ይወድቃል፤ ከ25ቱ 13ቱ ያለ ስምምነት ወደ መውጣት፣ 12ቱ ወደ መቆየት ቢሄዱ መቆየት 52 ለ48 ያሸንፋል። ሌሎቹ ለውሉ ሁለተኛ ቦታ ከሰጡት ደግሞ ውሉ ከመቆየት ጋር ለብቻ ቢገጥም 60 ለ40፣ ያለ ስምምነት ከመውጣት ጋር ቢገጥም 65 ለ35 ያሸንፋል። ሁለቱንም ለየብቻ የሚረታው ነው መጀመሪያ የተባረረው! የቆጠራ ደንቡን የሚጽፈው ሰው አሸናፊውን መረጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ ማንም ለማንም እስክሪብቶውን አልለቀቀም።

ሁለት ምርጫ ብቻ ይሁን ሲባልም ጠቡ «ማን ይውጣ?» ነው። ውልና መቆየት ብቻ ከቀረቡ ያለ ስምምነት መውጣት የሚፈልገው ሰው ወረቀቱ ላይ ራሱን አያገኘውም፤ «ጨዋታው ተበልቷል» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

የቀኑ ነገር ይቀጥላል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሕገ መንግሥት ጥናት ክፍል በ2018 አስልቶት፣ ከውሳኔው እስከ ድምፁ ቀን ቢያንስ 22 ሳምንት ያስፈልጋል አለ። ጥያቄውን መሞከር ብቻ ወደ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ይህ ሕጉ በፓርላማ እያለፈ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል። ወጪ የሚገደብበት የቅስቀሳ ጊዜ ደግሞ 10 ሳምንት ነው። የሜይ ውል በፓርላማ 432 ለ202 የተጣለው ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ነው፤ የመውጫው ቀን ማርች 29። በማግስቱ ቢጀመር እንኳ ሰኔን ይገፋል። ማራዘም የ27ቱን አገሮች ሁሉ ይሁንታ ይጠይቃል፤ በሜይ ወር ደግሞ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ነበረ፤ አባል ሆኖ የቆየ አገር መምረጥ አለበት። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2018 ብሪታንያ የመውጫ ማስታወቂያዋን ብቻዋን ማንሳት ትችላለች ብሎ ፈርዶ ነበር፤ ለዚያ ግን ድፍረት ያለው መንግሥት ያስፈልግ ነበር።

መራጩ ማን ይሁን የሚለውም ቀላል አልነበረም። በ2016 እዚያው የሚኖር ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ የኮመንዌልዝ ዜጋ ነውና መርጧል፤ ዜግነት ያልወሰደ ኢትዮጵያዊ ግን ሃያ ዓመት ቢኖርም ከጣሊያናዊው ጎረቤቱ ጋር ውጭ ቆሞ አይቷል። 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች በ2014ቱ የስኮትላንድ ድምፅ ገብተው በዚህኛው ቀሩ። ይህንን ለመቀየር መነካካት ሌላ ሕግ፣ ሌላ ወራት ነው።

ይህም ሆኖ ለጥቂት ነው ያመለጠው። ኤፕሪል 1 ቀን 2019 ፓርላማው አራት ሐሳብ ላይ ድምፅ ሲሰጥ የመውጫውን ውል ሕዝብ ያጽድቀው የሚለው ከሁሉም በላይ ድጋፍ፣ 280፣ አገኘ፤ 292 ተቃወመውና ወደቀ። ከኅብረቱ ጋር የጋራ ጉምሩክ ይኑር የሚለው 273 ለ276 ወደቀ፤ በሦስት ድምፅ ብቻ። ብንታገሥ በኅብረቱ ውስጥ መቆየትን እናስወስናለን ያለው ወገን ለዚህ መለስተኛ መውጫ እጁን በሙሉ አልሰጠም፤ ስሌቱ የተበላሸው እዚያች ማታ ይመስለኛል።

በዲሴምበር 12 ቀን 2019 አጠቃላይ ምርጫ ድጋሚ ይጠየቅ ያሉት ፓርቲዎች ድምፅ ሲደመር ከግማሽ ያልፋል፤ መውጣቱን የሚያስፈጽመው የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ቦሪስ ጆንሰን ግን በ43.6 በመቶ 365 ወንበር ወሰደ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 በለንደን ከምሽቱ አምስት ሰዓት የመውጫውን ሥርዓት የሚደነግገው የኅብረቱ ውል አንቀጽ 50 ለብሪታንያ ሥራውን ጨረሰ። አሁን «እንመለስ» የሚል ሰው የሚከፍተው ስለ መግባት የሚደነግገውን አንቀጽ 49ን ነው፤ አዲስ አመልካች፣ የሁሉም አባል አገር ፈቃድ። ከዩሮ መቅረትና ከመዋጮው የሚቀነሰው ገንዘብ እንደ ድሮው ተጠብቀው አይጠብቁም፤ እንደገና ድርድር ነው። ወረቀቱ ላይ «ትመለስ» የሚለው ሳጥንም በተራው የትኛውን መመለስ እንደሆነ መጻፍ ይኖርበታል።