አክስትየዋ

ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ምክንያት የለውም። ዝናቡ ይሁን እሑድ መሆኑ አላውቅም፤ ብቻ ቡናው እንኳ አልጣመኝም። እንዲህ ሲያደርገኝ የማደርገውን ታውቃላችሁ። ብርድ ልብስ፣ ስልክ፣ የድሮ የህንድ ፊልም። ማልቀሴ ካልቀረ በሰው ታሪክ ላልቅስ ብዬ ነው።

የዛሬው ግን የለመድነው የቦምቤይ ፊልም አይደለም። የደቡብ ህንዷ የማድራስ ነው፤ በታሚል ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ። «ፓሳማላር» ይባላል። ዳይሬክተሩ ቢምሲንግ ነው። ሰውዬው በዚያው ዓመት ከዚሁ መሪ ተዋናይ ጋር ሦስት ፊልም አውጥቷል፣ ሦስቱም መሐረብ የሚያስፈልጋቸው።

ወላጅ የሌላቸው ወንድምና እህት አሉ። እሱ ፋብሪካ ይሠራል፣ ከሥራ ይወጣል። እሷ አሻንጉሊት እየሠራች ያጠራቀመቻትን ገንዘብ አውጥታ ትሰጠዋለች። በዚያች ገንዘብ ይነግድና ሀብታም ይሆናል። ከዚያ የድሮ የሥራ ጓደኛው ይመጣና እህቱን ይወዳል። ወንድም መጀመሪያ በንዴት ይንጨረጨራል፣ ኋላ ራሱ ይድራቸዋል። ሙሽራው እዚያው ቤት ሲገባ አክስቱም አብራው ትገባለች። የቀረውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ወንድምየው ሲቫጂ ጋኔሳን ነው። ባልየው ጄሚኒ ጋኔሳን። ዘመዳሞች አይደሉም። አንዱ ስሙን ያገኘው መድረክ ላይ ንጉሥ ሲቫጂን ሆኖ ስለተጫወተ ነው፤ ሌላው ድሮ ተቀጥሮ ከሠራበት ከጄሚኒ ስቱዲዮ። እህትየዋ ሳቪትሪ ናት። ሳቪትሪና ጄሚኒ ደግሞ በእውነትም ባልና ሚስት ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ። እስቲ አስቡት! የገዛ ባሏ አጠገቧ ቆሟል፣ እሷ ግን እንባዋን ሁሉ የምታፈሰው ለወንድሟ ነው። እኔ ጄሚኒን ብሆን ቀረጻው ሲያልቅ ማታ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እናገር ነበር።

እኔን የጣለኝ እሹሩሩው ነው። ያኔ ወንድምና እህት ተጣልተው ተለያይተዋል። እሱ በራሱ ቤት ልጁን ያባብላል፣ እሷም በራሷ ቤት ልጇን። ዘፈኑ ግን አንድ ነው፤ አንዱን ስንኝ እሱ፣ ሌላውን እሷ። ድምፁ የሳውንዳራራጃንና የሱሺላ፣ ግጥሙ የካናዳሳን ነው። አጎት የወርቅ ሰዓት፣ የአልማዝ ጌጥ ይዞ እንደሚመጣ ይናገራል። ነገሩ ባዶ ማባበያ አይደለም። በእነሱ ባህል የእናት ወንድም ትልቅ ሰው ነው፤ የወንድም ልጅና የእህት ልጅ ቢጋቡም ነውር የለውም። ሰባት ቤት እየቆጠርን ላደግን ለእኛ ትንሽ ይከብዳል። ቢሆንም አለቀስኩ። ለእሱ ለቅሶ ዘር አልቆጠርኩም።

መጨረሻው ደግሞ ጭራሽ ነው። ወንድምየው በዲፓቫሊ በዓል ልጅ ከርችት አድናለሁ ብሎ ዓይኑ ይጠፋል። ከዚያ ሊያያት ይመጣል፤ ማለት ዓይን ለሌለው ማየት ከተባለ። ሁለቱም በሞት አፋፍ ላይ ናቸው። እና ያ ሰውዬ፣ ያ ስንት የጀግና ንግግር ያንበለበለ ሰውዬ፣ የሚላት የልጆች ጨዋታ ነው። እጅሽን አወዛውዢ፣ ሱቅ እንሂድ፣ ከረሜላ እንግዛ ዓይነት። ይህን ይልና ሁለቱም ይሞታሉ።

አፍንጫዬን እየጠረግኩ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይቺ አክስት ባትኖር ምን ይውጣቸው ነበር?

የምሬን ነው። ቢምሲንግ እጁ ላይ ሕዝብ የሚያመልካቸው ሦስት ኮከቦች አሉ። ሲቫጂን ክፉ ብታደርገው ሲኒማ ቤቱ ይቃጠላል። ሳቪትሪ ሊለቀስላት ነው የመጣችው። ጄሚኒን አገሩ የፍቅር ንጉሥ ይለዋል፣ እሱም አይነካም። ታዲያ ቤቱን ማን ያፍርሰው? አክስት! ነገር ታቀብል፣ ታዋልድ፣ ሰው ታባላ። ሦስቱ እንደ ንጹሕ በግ ሆነው እንዲያለቅሱ ኃጢአቱን እሷ ትሸከም።

ግን ልብ ብላችሁ ብታዩት ወንድምየው ከመጀመሪያውም ኩሩ ነው። ባልየውም በአማቹ ቤት፣ በአማቹ እንጀራ መኖሩ ውስጥ ውስጡን ሳይበላው አይቀርም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ቢቀመጡ ያለ አክስትም መናከሳቸው አይቀርም ነበር። እሷ ክብሪት ጫረች እንጂ ጭዱን ማን ከመረው?

በዓመቱ ፊልሙ በሂንዲም በቴሉጉም ቋንቋ እንደገና ተሠራ። በቴሉጉው ሳቪትሪ ራሷ ዳግም እህት ሆነች። አክስትየዋን የሠራችው ሱሪያካንታም የምትባል ተዋናይት ናት። ይህቺ ሴት ክፉ አማትና ክፉ አክስት እየሆነች በመተወኗ ብቻ ሰው ለሴት ልጁ ስሟን ለማውጣት ይፈራ ነበር ይባላል። አያችሁ? ወንድም ለሆኑት የአበባ ጉንጉን፣ አክስት ለሆነችው ይሄ!

ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ ሳይገባችሁ አይቀርም። እኔም አክስት ነኛ። ባለፈው ቅልቅል ላይ ልጁ ከእነ ሙሽራዋ ሲገባ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። በቀስታ ነው የጠየቅኩት፣ ያውም ፈገግ ብዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም ስልክ ሲያነሱልኝ ድምፃቸው ቀጠን ብሏል። ወንድሜም «አንቺ ደግሞ» ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ክፉ ነገር አልተናገርኩም፣ ክብሪትም አልጫርኩም። ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ማንም ይጠይቃል።

ለመሆኑ ግን ቤቱ በማን ስም ነው?