ጃቫው ለየትኛው ፕሮግራም ነው?

የመሥሪያ ቤታችንን ኮምፒውተሮች ከምንከታተል ባለሙያዎች አንዱ ነኝ። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ጠርተውኝ፣ ኢንተርኔት ሲጠቀሙ «ጃቫዎ አርጅቷል፤ ያድሱ» የሚል መልእክት እንደመጣባቸው፣ እንደታዘዙት አውርደው ከጫኑ በኋላ ግን የፍለጋ ገጻቸው ተለውጦ ማስታወቂያ በላይ በላዩ እየተከፈተ ሥራ እንዳስፈታቸው ነገሩኝ። «ጃቫ ከሌለ ኮምፒውተሩ አይሠራም ሲሉ ስለሰማሁ ነው» አሉኝ።

ጃቫ በጃቫ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው። የሰሙት ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ቀደም ሲል አንዳንድ የባንክና የመንግሥት ገጾች ያለ ጃቫ አይከፈቱም ነበር። ይሁን እንጂ ድረ ገጽ ከምንከፍትባቸው ፕሮግራሞች መካከል ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስም በ2017 እ.ኤ.አ. ጃቫን በገጽ ውስጥ የሚያስኬደውን ተጨማሪ ክፍል (ተሰኪ) መቀበል ስላቆሙ፣ ዛሬ ጃቫ እንዲጫንለት የሚጠይቅ ድረ ገጽ ሲያጋጥም መጠርጠር ይገባል።

ኮምፒውተራቸውን ካጸዳሁ በኋላ የክፍሉን ሌሎች ማሽኖች ስንፈትሽ፣ በብዙዎቹ ላይ ጃቫ 7 እና ጃቫ 8 ጎን ለጎን ተጭነው አገኘን። ለጃቫ 7 ለሕዝብ በነጻ ይሰጥ የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ የቆመው በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማንም ሳይጠቀምበት ለአጥቂ ክፍት ሆኖ መቀመጡ በጣም አሳሰበኝ። የትኛው ፕሮግራም እንደሚፈልገው አንድ በአንድ ስናጣራ፣ ያለ ጃቫ የማይነሣው የንብረት ክፍሉ አሮጌ የዕቃ መመዝገቢያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙ ሊብረኦፊስ እንኳ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራ ጃቫ አያስፈልገውም፤ በዋናነት የሚፈልገው ቤዝ ለተባለው የመረጃ ቋቱ ነው። በቤታቸው ስላለው ኮምፒውተር ለጠየቁኝም፣ ልጆች የሚወዱት ማይንክራፍት የተባለው ጨዋታ የራሱን ጃቫ ይዞ እንደሚመጣ ነግሬአቸዋለሁ። የጃቫ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኦራክል ራሱ ከጃቫ 11 ጀምሮ ለተጠቃሚ ለብቻው የሚጫን የጃቫ ማስኬጃ ማውጣቱን ትቶ፣ ሠሪዎች ከፕሮግራማቸው ጋር አሽገው እንዲሰጡ መንገድ አበጅቷል።

ስለዚህ ጃቫን ከንብረት ክፍሉ በስተቀር ከሁሉም አጠፋነው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ በዚያው «ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የሚሉትን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚጋሯቸውን የማይክሮሶፍት ደጋፊ ፋይሎች (ዲኤልኤል) የያዙ ጥቅሎችንም ሊያጠፋ ሲል ግን ከለከልሁት፤ እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ሲጫኑ ያስገቧቸው ስለሆኑ፣ ሲጠፉ «ዲኤልኤል ፋይል ጎድሏል» እያለ የማይከፈት ፕሮግራም ያተርፋሉ።

ለሒሳብ ባለሙያዋም፣ የሚያውቁት ፕሮግራም አልከፈት ካለ ስሙን ይዘው እንዲደውሉልን፣ ድረ ገጽ ጫኑ ካላቸው ደግሞ ገጹን እንዲዘጉት ነገርኋቸው። የዕቃ መመዝገቢያውን ለሠሩልንም ጃቫውን በፕሮግራሙ ውስጥ አካተው እንዲሰጡን ጽፈናል።