አራት ሆኖ አንድ በአንድ መሞት

ፐብጂ ሞባይል በሚባለው የስልክ የተኩስ ጨዋታ ላይ ከሶሎ (ለብቻ ከመጫወት) ወደ ስኳድ (በአራት ሰው ቡድን ወደ መጫወት) የገፋኝ ፒንግ ነው፤ ስልኬና የጨዋታው ሰርቨር መልእክት ለመለዋወጥ የሚፈጅባቸው ጊዜ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሆኜ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ስጫወት ከመቶ ሚሊሰከንድ በታች የወረደልኝ ቀን በዓል ነው። በዚህ ፒንግ በር ላይ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ስገናኝ፣ በእኔ ስክሪን ሰውየው ገና ብቅ እያለ ነው፤ በእሱ ስክሪን ግን እኔን መተኮስ ከጀመረ ቆይቷል። ጣት ቢፈጥን፣ ጋይሮስኮፕ (ስልኩን በማዘንበል ማነጣጠሪያው) ቢስተካከል፣ ስልክ ቢቀየር ይህችን ክፍተት አይደፍናትም። ስለዚህ ፊት ለፊት የምገናኝባቸውን ጊዜያት መቀነስ፣ ስገናኝም ብቻዬን አለመሆን ነበረብኝ።

ያም ሆኖ ቡድን ፍለጋ ወዲያው አልወጣሁም። አንድ ክረምት ሙሉ ስኳድ ሞድ ውስጥ እየገባሁ፣ ጓደኛ የሚያሟላውን ምልክት እያጠፋሁ፣ ለብቻዬ ከአራት አራት ሰው ጋር ስጋጠም ከረምኩ። ስኳድ እንዴት እንደሚሸነፍ ከጠላት ወገን ሆኜ ማየት ፈልጌ ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቁ ሕጉ እንዲህ ነው። ሶሎ ላይ ደምህ ካለቀ አለቀ፣ ሳጥን ነህ፤ ሞተህ ዕቃህ ያለበት ሳጥን ብቻ ይቀራል። ስኳድ ላይ ግን መጀመሪያ ትንበረከካለህ። ኖክ ሆንክ ይባላል። እየዳህክ ደምህ ይፈሳል፤ ጓደኛህ መጥቶ አጠገብህ አሥር ሰከንድ ከቆየ ያነሳሃል። ስኳድ ውስጥ ብቻህን ከገባህ ግን የሚያነሳህ የለምና እንደ ሶሎው ወዲያው ሳጥን ትሆናለህ።

ሳንሆክ ላይ ያጋጠመችኝን አንዷን ልንገራችሁ፤ ሌሎቹም ከሞላ ጎደል እሷን ይመስላሉ። ሳንሆክ አራት ኪሎ ሜትር በአራት ኪሎ ሜትር የሆነች ጫካ የበዛባት ካርታ ናት፤ ስምንት በስምንት ከሆነው ሌላ ካርታ፣ ከኢራንጌል ጋር ስትተያይ ሰው ሳያጋጥምህ ብዙ አትሄድም። ኮረብታ ላይ ከድንጋይ ኋላ ተኝቻለሁ። ከታች መንገድ ዳር መኪና ቆመ። ሦስት ሰው ወረደ፤ አራተኛው ቀድሞ ማዶ ያለው ቤት ውስጥ ገብቶ ዕቃ ይለቅማል። የፊተኛውን በኤም416 ጠመንጃ መታሁት፣ ጎማው ሥር ተንበረከከ። አልጨረስኩትም። ወደ ግራ ተንፏቅቄ ወደ ሌላ ድንጋይ ተዛወርኩ። ሁለተኛው ሊያነሳው ሮጦ መጣና ገና ሲጎነበስ እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ስሞክ ወረወረ፣ ግን የወረወረው እዚያው ራሳቸው ላይ ነው። ጭሱ ውስጥ ገብቶ ሲያነሳ እኔን አያይም፤ እኔም እሱን ባላይ የት እንዳለ አውቃለሁና ቦምብ ላክሁለት። አራተኛው ከቤት የወጣው ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው። ከየት እንደምተኩስ የነገረው እንደሌለ አሯሯጡ ያስታውቃል። እሱ ሲወድቅ የተንበረከኩት ሦስቱም አብረውት ሳጥን ሆኑ፤ የቆመ ሰው ካልቀረ ጨዋታው ራሱ ይጨርሳቸዋል።

እኔ ከአንድ ሰው ጋር አራት ጊዜ ነው የተዋጋሁት። ከአራት ሰው ጋር አልተዋጋሁም።

ይህን ነገር ፍሬድሪክ ላንቸስተር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ሥራው፣ በቀመር አስቀምጦታል። ሁሉም ሁሉንም መተኮስ በሚችልበት ውጊያ የአንድ ወገን ጉልበት የሚለካው የሰዉን ቁጥር በራሱ በማባዛት ነው ይላል። እኩል ችሎታ ያላቸው አራትና ሦስት ሰዎች ቢገጥሙ 16 ሲቀነስ 9፣ ሰባት ይቀራል፤ የሰባት ስኩዌር ሩት ደግሞ 2.6 ገደማ ነው። አራቱ ሦስቱን ጨርሰው እንኳ ከሁለት ሰው በላይ ቆሞ ይቀርላቸዋል ማለት ነው። የአንድ ሰው ብልጫ ይህን ያህል ትልቅ ነው። አሁን እነዚያኑ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት አድርገህ በየተራ አምጣቸው። ሦስቱ የመጀመሪያዎቹን ሲገጥሙ 9 ሲቀነስ 4፣ አምስት፤ ቀጣዮቹን ሲገጥሙ 5 ሲቀነስ 4፣ አንድ። ሦስቱ አሸነፉ! ሰው አልተጨመረም፣ ችሎታ አልተጨመረም፤ የተለወጠው የመድረሻ ሰዓት ብቻ ነው። እርግጥ ፐብጂ ላይ ግንብ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ዞን (እየጠበበ የሚሄደው የመጫወቻ ክልል) አለ፤ ቀመሩ እንዳለ አይሠራም። አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳያል።

ስለዚህ የራሳችንን ስኳድ ስናቋቁም የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፦ እነዚያ አራት ሰዎች እንደዚያ እንዳይሞቱ ምን ማድረግ ነበረባቸው? ቡድኑ እኔ፣ ሁለት የሰፈር ልጆች፣ ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ነን። መሪዋ እሷ ናት። በተኩስ ሁለተኛ አትወጣም፣ አራተኛ ናት፤ ነገር ግን ሰው ሲጮህ ድምፅዋ አይለወጥም፣ የዞኑንም አካሄድ ቀድማ ታነባለች። ልጆቹ በዕድሜ ብዙ ስለምትበልጣቸው መጀመሪያ ላይ "እትዬ፣ ከኋላዎ መጡብዎት!" ይሏት ነበር። አክብሮቱ ደስ ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ግን እትዬ ተንበርክካለች። "ጌም ውስጥ አንቺ በሉኝ፣ ስንጨርስ እርስዎ ትሉኛላችሁ" ብላ ራሷ ፈረደች። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የሚሠራው።

ብዙ የለፋነው በንግግር ላይ ነው። ልጆቹ ከእኔ የተሻለ ይተኩሳሉ፤ ጠላት ሲያዩ ግን የሚወጣቸው "እዛ ጋ! እዛ ጋ ነው! አየኸው?" ነው። ዱባይ ለተቀመጠ ሰው "እዛ ጋ" የሚባል ቦታ የለም። ስክሪኑ አናት ላይ ኮምፓስ አለ፤ ሰሜን ዜሮ፣ ምሥራቅ ዘጠና፣ ደቡብ መቶ ሰማንያ። የተስማማነው መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ መለያ፣ ከዚያ ብዛት እንዲባል ነው። "ሁለት መቶ አሥር፣ ቀዩ ጣሪያ፣ ሁለት።" አለቀ። ካርታው ላይ ምልክት ማድረግም ይቻላል፤ ግን ምልክቱን የምታደርገው በምትተኩስበት ጣት ስለሆነ በተኩስ መሀል አይመችም። ይህ ከገባን በኋላ አንድ ሰው ሲመታ ሦስታችንም የመታውን ሰው ወዲያው ማየት ጀመርን። የሳንሆኩ አራተኛ ሰውዬ ያጣው ይችን ነበር።

ሌላው የሞተ ሰው ነገር ነው። የሞተ ሰው የጓደኞቹን ስክሪን እያየ ይቀመጣልና ምክር አያልቅበትም፤ "ግባበት! ግባበት! ኧረ ኋላህ!" እያለ የቆመውን ሰው እግር ኮቴ እንዳይሰማ ያደርገዋል። እኛ ጋ የሞተ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራል፤ የገደለው የት እንዳለ፣ ምን ያህል ደም እንዳስወጣው ተናግሮ ማይኩን ይዘጋል። ታናሽየው ልጅ ይህን ሕግ እስኪለምድ አበሳውን አይቷል፤ አሁንም ሲሞት ዝም ብሎ ማኅበራዊ ገጽ ውስጥ ይገባና ሲጠሩት አይሰማም።

ርቀት ደግሞ ማንም የማይናገርለት ነገር ነው። አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ከቆመ አንድ ቦምብ ይበቃዋል። ኢራንጌል ላይ አንዱ ፖቺንኪ፣ አንዱ ስኩል ከሆነ ደግሞ ስኳድ ሳይሆን ስልክ የተደዋወሉ አራት ሶሎዎች ናቸው። በሜትር ለመለካት ሞክረን አልሆነም፤ ከተማ ውስጥና ሜዳ ላይ አንድ አይደለም። የሠራልን መለኪያ ይህ ነው፦ ከእኛ አንዱ አሁን ቢወድቅ፣ የጣለው ሰው ሌላ ጥይት ሳይሞላ በፊት ቢያንስ ሁለታችን ልንተኩሰው እንችላለን? መልሱ አይደለም ከሆነ መሪዋ "ጠበብ በሉ" ትላለች። ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን ሌላ የተኩስ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ትሬድ የሚሉት ይኼንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ቢሞትም ሁለተኛው ሒሳቡን እዚያው ይዘጋል። በእኔ ፒንግ ሁለተኛ መሆን ይሻለኛል። ተኳሹ ፊቱን ወደ ልጁ አዙሮ፣ መሳሪያው ጎድሎ ሳለ ነው የምደርሰው፤ የመቶ ሚሊሰከንዷ ነገር ያኔ አታስጨንቅም።

ከሶሎው ክረምት በቀጥታ የተቀዳው ሕግ ግን የማንሳት ሕጋችን ነው። ያን ክረምት ሙሉ እንጀራዬ ጓደኛቸውን ለማንሳት የሚሮጡ ደግ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ እኛ ጋ የወደቀ ሰው "አንሳኝ" አይልም። መጀመሪያ የጣለው ይመታል፣ ወይም ይባረራል፣ ካልሆነም ዓይኑ ይጋረዳል። ስሞክም የሚወረወረው የወደቀው ሰው ላይ አይደለም፤ በእሱና በተኳሹ መካከል፣ እንዲያውም ወደ ተኳሹ ጠጋ ብሎ ነው። የወደቀው ላይ ከወረወርከው ለጠላት "ቦምቡን እዚህ ጣል" ብለህ እንደማመልከት ነው። አሥር ሰከንድ ረጅም ነው፤ ያላመነ ሰዓት ይዞ ይቁጠረው።

አንዲት ትንሽ ነገር እግረ መንገዴን፦ መትተህ የጣልከው ሰው ሳይንበረከክ ቀጥታ ሳጥን ከሆነ የቀረ ጓደኛ የለውም ማለት ነው። ያኔ ግቡና ልቀሙ። ከተንበረከከ ግን ቢያንስ አንድ የቆመ ሰው አጠገቡ ወይም መንገድ ላይ አለ። ብዙ ሰው ኖክ ባደረገ ቁጥር ወደ ወደቀው የሚሮጠው ይህን ሳያስብ ነው።

ከማያውቁት ሰው ጋር፣ ከራንደም ጋር ስለመጫወት ይጠይቁኛል። እኔ እሱን የቡድን ጨዋታ አልለውም። ቋንቋው የማይገባህ፣ ኤርድሮፕ (ከአውሮፕላን የሚጣል ዕቃ) ሲያይ ብቻውን ሮጦ የሚሄድ ሰው ጋር ስትጫወት ሶሎ ነህ፤ ግን ፊትህ የሚሮጥ ሰው አለህ። ይህም ጥቅም አለው። ጠላት የት እንዳለ በእሱ ላይ ሲተኮስ ትሰማለህ። ጨካኝ ቢመስልም ከራንደም ጋር ስሆን ከኋላቸው ሃምሳ ሜትር ያህል ቆይቼ ነው የምሄደው፤ መናገር የሚፈልግ ከተገኘ ደግሞ ወዲያው እጠጋለሁ።

እውነተኛ ችሎታ የሚታየው ሶሎ ላይ ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ እኔ ከመጀመሬ በፊት የነበረ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ፐብጂ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣበት ዓመት ኮሎኝ፣ ጀርመን ውስጥ የተደረገው ትልቁ ውድድር ሶሎም፣ ዱዎም (ሁለት ሁለት ሰው)፣ ስኳድም ነበረው። በዓመቱ በርሊን ላይ የተካሄደው ግን የስኳድ ብቻ ሆነ፤ ትልልቆቹ ውድድሮችም ከዚያ ወዲህ በዚያው ቀጠሉ። ይገባኛል። ሶሎ ላይ መጨረሻው ዞን እስኪደርስ ሣር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ትልቁ ጥበብ ነው፤ ለተመልካች ደግሞ ሣር ውስጥ የተኛ ሰው ምን ያሳየዋል? እኔ ግን ሶሎን አልተውኩም፤ በሳምንት አንዳንድ ምሽት እገባለሁ። ስኳድ ላይ ሌላ ሰው እየሰማልህ ጆሮህ ይሰንፋል፤ ኮቴው ከላይኛው ፎቅ ይሁን ከደጅ መለየት የምትለማመደው ብቻህን ስትሆን ነው። ስልኩ ላይ ትንሿ ካርታ የኮቴ ምልክት ብታሳይም ጆሮህን አትተካልህም።

ሁለቱ የጨዋታ ዓይነቶች የሚገናኙት መብራት ሲጠፋ ነው። የሰፈሩ ልጆች አንዱ ጋ ዋይፋይ ሲሞት ገጸ ባሕርይው እንደቆመ ይቀራል፤ ዳታ አብርቶ እስኪመለስ ድረስ ማንም ካገኘው ገድሎት ይሄዳል። ሦስት ቀረን ማለት ነው፤ 9 በ16። ያኔ መሪዋ "እንደ ክረምቱ እንጫወት" ትላለች፣ ሁላችንም ይገባናል። ከሙሉ ስኳድ ጋር በሜዳ አንገጥምም። አንድ ጥለን ቦታ እንቀይራለን፣ ሊያነሳ የሚመጣውን እንጠብቃለን፣ ከሁለት በላይ አብረው ከመጡ እንተዋቸዋለን። አንዳችን ደግሞ እንደቆመ የቀረውን ልጅ በር ላይ ሆነን እንጠብቃለን። ባለፈው ገጸ ባሕርይው ጌሙ ውስጥ ባለ ሽንት ቤት ግድግዳውን እያየ ነበር መብራት የጠፋበት፤ በሩን ዘግተንበት ሄድን፤ ተመልሶ ሲገባ "ማነው የቆለፈብኝ?" ብሎ ማይኩን አበራ።