ስታሊንን መናፈቅ

ባሕር ዳር ፖሊቴክኒኩን ያገኘችው በሶቪየት እርዳታ ስለሆነ፣ ጣና ዳር ቡና ይዞ ሶቪየትን የሚያወድስ ሽማግሌ አይጠፋም። ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተማሩ አንድ ጋሼ "ሜትሮ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እኮ በ5 ኮፔክ ሳንቲም ነበር!" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። "ስታሊንስ ጋሼ?" ስላቸው "እሱን ተወው" ብለው ስኳራቸውን ማማሰል።

ሩሲያ ውስጥ ግን እሱንም አልተዉትም። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ሌቫዳ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጠይቅ 66 በመቶው በሶቪየት መፍረስ አዝናለሁ አለ። በ2019 ደግሞ 70 በመቶው የስታሊን ሚና በጎ ነበር አለ። በ1937 እና 1938 ብቻ 680 ሺህ ያህል ሰው ያስረሸነ ሰውዬ!

ሰው የናፈቀው ግድያውን አይመስለኝም። በ1992 መንግሥት የዋጋ ቁጥጥሩን ሲለቅ የጡረተኛው ቁጠባ በወራት እልም አለ፣ በ1998 ሩብል ወደቀ፣ ከዛ ፑቲን መጣና ሩሲያ የምትሸጠው ነዳጅ ሲወደድ ደሞዝም በሰዓቱ መከፈል ጀመረ። እንዲህ የተቃጠለ ሰው "ጠንካራ እጅ ይሻለናል" ቢል አልፈርድበትም። እኛስ "በደርግ ጊዜ ሌባ የት ነበር" የሚል ጠፍቶ ነው?

የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። የስታሊንን ሰለባዎች ስም ሲሰበስብ የኖረው ሜሞሪያል የሚባል ድርጅት በ2021 መጨረሻ እንዲዘጋ ፍርድ ቤት ወሰነ። ሌቫዳም ራሱ ከ2016 ጀምሮ "የውጭ ወኪል" የሚል ታፔላ ተለጥፎበታል። እንዲህ ባለ አገር ሰው ቤቱ ድረስ ለመጣ ጠያቂ የልቡን ይናገራል? እኔ እንጃ፣ ቁጥሩን ሳነብ ትንሽ ቀንሼ ነው።