ሶላር ከመግዛቴ በፊት የቆጣሪዬን ብልጭታ ቆጠርኩ

ድሬ ላይ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ መባቻ ያለውን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከተማው በሩን ገርበብ አድርጎ ወይ ይተኛል ወይ ይቅማል፤ የሚሠራው ቬንትሌተር ብቻ ነው። የዚህ ወቅት የመብራት ቢል ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ መርማሪ ይሆናል። "ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚተኛው ማነው?" "ምጣዱን ሳይነቅል የሄደውስ?" ሳቢያን ሰፈር እኛ ግቢ ውስጥም ወሬው ይኸው ነበር። የጎረቤቶቼ መፍትሔ ደግሞ አንድ ነው፤ "አቦ፣ ሶላር አስገባና ተገላገል!"

አስገባሁ። ቢሌን በመጀመሪያ የቀነሰው ግን ሶላሩ አይደለም። ቢል ለመቀነስ ብቻ ብላችሁ ሶላር ልትገዙ ካሰባችሁ ይህን አንብባችሁ ብትወስኑ ይሻላል።

ከዋጋው እንነሳ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እርከን አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው ነው (ባለ 1,000 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይባላል)፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ እስከ 500 እና ከዚያም በላይ ይወጣል። እርከኑን በወጣችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ታኅሣሥ 2011 የጀመረው የአራት ዓመት ጭማሪ ሲጠናቀቅ የታችኛው እርከን 27 ሳንቲም፣ የላይኛው 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ደርሶ ነበር። 9 እጥፍ ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ የሚጨምር ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ መጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ብሩን ብጽፈው ነገ ያረጃል። የእርከኑ ነገር ግን ያው ነው፤ ብዙ የተጠቀመ አንዷንም በውድ ይገዛል።

ይህ ነገር ለድሬ ግቢዎች ትልቅ ጣጣ አለው። እኛ ግቢ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀመው፤ እኛና ሁለት ተከራዮች። እያንዳንዱ ቤት በወር 130 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ለብቻው ሲታይ ታች ያለ ቤት ነው። ሲደመር ግን 390 ይሆናል። ቆጣሪው ደግሞ ሦስት ቤተሰብ መሆናችንን አያውቅም፤ እንደ አንድ ሀብታም ቤት ነው የሚቆጥረን። ከዚያ ክፍፍሉ ላይ ጸብ ይነሳል። ብዙ ሰው ለየቤቱ ከውስጥ ትንሽ ቆጣሪ ያስገጥማል። ጥሩ ነው፤ ማን ስንት እንደተጠቀመ ይታያል፣ ሰላም ይወርዳል። እርከኑን ግን አያወርድም። እርከኑን የሚያወርደው ራሱን የቻለ ቆጣሪ ማስገባት ነው። እኛም ጊዜ ቢወስድብንም ለሁለቱ ተከራዮች አስገባንና ቢላችን የመጀመሪያውን ትልቅ ቅናሽ ያየው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድም ፓኔል አልገዛሁም ነበር፣ ልብ በሉ።

ቀጥሎ ቤቴ ውስጥ ምን ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ፈለግኩ። መለኪያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ ቁጥር ተጽፏል፤ የእኔ ላይ 1600 ይላል፣ የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ትርጉሙ 1600 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር አጥፍታችሁ አንዱን ብቻ አብሩ፤ በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ያዙና ብልጭታውን ቁጠሩ። በ60 አባዙት፣ ለ1600 አካፍሉት። የሚወጣው በኪሎዋት ነው።

እኔ አመሻሽ ላይ ወንበር ይዤ ቆጣሪው ሥር ተቀመጥኩ። እናቴ ከበረንዳው ሆና "አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ?" ትለኛለች። ፍሪጁ ሲሠራ በደቂቃ 4 ብልጭታ፤ 150 ዋት ማለት ነው። አንድ የጣሪያ ቬንትሌተር 2 ብልጭታ፤ 75 ዋት። ምጣዱን ስሰካው መቁጠር አልተቻለም፤ ትርክክ አለ። 3,500 ዋት ገደማ ምጣድ በደቂቃ ከ90 ጊዜ በላይ ያስብለጨልጫል። በመጨረሻ ሁሉንም አጠፋሁ። መብራቷ አሁንም አልፎ አልፎ ብልጭ ትላለች። ሌባዎቹ ስታቢላይዘሩና የዲሹ ሪሲቨር ነበሩ፤ ተጠፉ ብለን የምናስባቸው። እነሱን ስነቅላቸው ጸጥ አለች። እናንተ ጋ ሁሉም ተነቅሎ፣ ብሬከሩም ወርዶ ካላቆመች ግን ወይ መስመሩ ያፈሳል ወይ ሌላ ሰው ከእናንተ መስመር ተቀጥሏል፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

አሁን ሒሳቡ። ቤታችን በሳምንት ሁለቴ እንጀራ ይጋገራል፣ በያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ያህል። 3.5 ሲባዛ በ2፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት፤ በወር 60 ገደማ። ፍሪጁ ድሬ ሙቀት ውስጥ ሞተሩ አያርፍም፤ በቀን 13 ሰዓት ያህል ቢሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 60። ከምጣዱ እኩል! ሦስቱ ቬንትሌተሮችስ? በሙቀቱ ወራት በቀን 14 ሰዓት ያህል ይዞራሉ። 3 ኪሎዋት ሰዓት በቀን፣ በወር ከ90 በላይ። ሁላችንም በምጣዱ ስንጣላ ቢሉን የሚያወጣው ከላይ ዝም ብሎ የሚዞረው ነበር። ዋት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ሰዓቱን አብራችሁ ቁጠሩ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ቀላል ነው። የፍሪጁ በር ጎማ ላልቶ ነበር። ብር ኖት በበሩ መሃል አስገብታችሁ ስትስቡት ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አልቋል። ቀየርኩት። ፍሪጁንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅኩት፣ ጀርባው ይተንፍስ። መኝታ ቤት ያሉትን ሁለት ቬንትሌተሮች ዲሲ ሞተር ባላቸው ለወጥኳቸው፤ ያንኑ ንፋስ ከቀድሞው ዋት በግማሹ ይሰጣሉ። አምፖሉን ሁሉም ሰው ስለለወጠው አልደክምም። ምጣዱ ላይ እናቴን ለማስተማር አልሞከርኩም፤ ምጣድ አንዴ ከሞቀ በኋላ በተከታታይ መጋገርና አክንባሎውን በደንብ መግጠም ከእኔ በፊት ታውቀዋለች።

ወደ ሶላሩ ልምጣ። "ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ፣ ሶላር ምን ይሠራል?" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። እኛ ሰፈር መብራት የሚሄደው ግን ውሃ አንሶ አይደለም። ንፋስ ሲነሳ፣ ሽቦ ሲነካካ፣ በሙቀት ሁሉም ቬንትሌተሩን ሲከፍት ትራንስፎርመሩ ሲጨናነቅ ነው። እናቴ ደግሞ በፍሪጁ ቀዝቃዛ ውሃና የሮቃ ጁስ ትሸጣለች። ከሰዓት በኋላ መብራት ከሄደ የዕለቱ ገበያ አብሮ ሄደ። ሶላር የገባው በዋናነት ለዚህ ነው።

የሠራልኝ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስንት ፓኔል ትፈልጋለህ?" ብሎ አይደለም። "ሌሊት ምን ምን ይሠራል?" አለኝ። ወረቀቴን አሳየሁት፤ ፍሪጅ፣ ሁለቱ አዳዲስ ቬንትሌተሮች፣ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ። በቀን 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ።

"ምጣዱስ?"

"ምጣዱ አይገባም።"

"በል እንግዲህ አንተ ጋ ሥራ አለ" ብሎ ሳቀ። ምጣድ በሶላር ልጋግር የሚል ሰው ትልቅ ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) እና ብዙ ባትሪ ይገዛል፤ በሳምንት ለአራት ሰዓት። ለዚያ የመብራት ኃይል መስመሩ አለ። ስለዚህ ገመዱን ለየነው። የሶላሩ ሶኬቶች የራሳቸው ብሬከር ሳጥን አላቸው፤ ምጣድ፣ ካውያና የውሃ ፓምፕ በቀድሞው መስመር ቀሩ።

ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ አንድ ባለ 24 ቮልት ኢንቨርተርና አንድ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ሆነ። ድሬ ፀሐይ አትሰስትም። በቀን 5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ጉልበት ብንይዝ፣ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለኢንቨርተሩ ሩቡን ብንቀንስ፣ 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል። ከሚያስፈልገኝ ትንሽ ይተርፋል፤ ደመና ላለበት ቀን ይሁን ብዬ ነው። ገንዘቡን የበላው ፓኔሉ አይደለም፤ ባትሪውና ኢንቨርተሩ አንድ ላይ ከግማሽ በላይ ወሰዱ። ርካሹን የእርሳስ ባትሪ ያልገዛሁት በሙቀቱ ምክንያት ነው። ያ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ደግሞም ጉልበቱን ከግማሽ በታች ባታወርዱት ነው የሚመረጠው። ሊቲየሙንም ቢሆን ቆርቆሮ ሥር አላስቀመጥኩትም፤ ቤታችን ውስጥ ቀዝቀዝ ያለችው የሰሜን ጓዳ የእሱ ሆናለች።

ጣሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያልፈው እዚያ ነው። ፓኔል ብርሃን ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ25 ዲግሪ በላይ በያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያጣል። የድሬ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ ቢደርስ ከአሥር በመቶ በላይ ቀለጠ። ስለዚህ ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ንፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ በአንግል ብረት ተሰቀለ። አቅጣጫው ወደ ደቡብ፣ ዘንበሉ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ድሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ሰኔ ላይ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ብዙ ብታዘነብሉት በጣም በምትፈልጉት ወር ይቀንሳል። ጭራሽ ጠፍጣፋ ቢሆን ደግሞ አቧራው አይወርድም። ከጎረቤት ግቢ የዘለቀችው ኒም ከ9 ሰዓት በኋላ ጥላዋን አንዱ ፓኔል ጥግ ላይ ትጥል ነበር። ፓኔሎች አንዱ ካንዱ ቀጥሎ በተከታታይ ሲያያዙ ያቺ ትንሽ ጥላ የሌላውንም ታንቃለች። ጎረቤቴን አስፈቅጄ ሁለት ቅርንጫፍ አስቆረጥኩ፤ ለፍየሎቻቸው ሆነ። አቧራውን በማለዳ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ነው የማጸዳው። በቀትር የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ።

አንድ ነገር ደግሞ ገጣሚያችሁ ከመሄዱ በፊት አስመርምሩ። ኢንቨርተሩ ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለመስመሩ መብራት ነው። እንደዚያ ከተተወ ሶላራችሁ ባትሪ ሞልቶ ቁጭ ይላል፣ ቢላችሁም ንቅንቅ አይልም። ቅድሚያውን ለሶላር፣ ቀጥሎ ለባትሪ፣ መጨረሻ ለመስመሩ አስደርጉት። የእኔ እንዲህ ተስተካክሎ ሌሊት ባትሪው ሲዳከም ወደ መስመሩ ራሱ ይመለሳል። ማንም አይነቃም።

ታዲያ አዋጣኝ? በጥሩ ወር ከመስመሩ የምወስደው 100 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቀንሷል፤ እርከንም አውርዶኛል። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ሲበዛ ያንሳል። የአገራችን መብራት አሁንም ርካሽ ስለሆነ በቢል ብቻ ካሰላሁት ገንዘቤ ቶሎ አይመለስም፤ ይመለሳል ብሎ የሚምልላችሁ ሻጭ ካለ ሒሳቡን በወረቀት ይሥራላችሁ። የእናቴ ጁስ፣ የማይበላሸው ሥጋ፣ ያለ ጄኔሬተር ቤንዚን የሚያልፈው ከሰዓት ሲጨመር ግን ሚዛኑ ወደኔ ያደላል። ሱቅ የሌለው፣ መብራትም ብዙ የማይጠፋበት ሰው ከሆናችሁ ጎማውንና ቬንትሌተሩን ቀይራችሁ ብትቆዩ አይቆጫችሁም።

የምትገዙ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የገበያው ፓኔል ሁሉ ጀርባው ላይ ትልቅ ቁጥር ተለጥፎበታል። ጥሩ ፓኔል በአንድ ካሬ ሜትር 210 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። እውነተኛ 550 ዋት ቁመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ13 አካባቢ ነው፣ ክብደቱም 28 ኪሎ ገደማ፤ አንድ ሰው እንደ ዋዛ ብብቱ ሥር አያደርገውም። አንዱ ሱቅ ውስጥ "550 ነው" ያሉኝን ለካሁት፤ አንድ ካሬ ተኩል እንኳ አልሞላም። ሻጩ ሜትሩን አየና "አቦ፣ አንተ ደግሞ ልብስ ልታሰፋ ነው እንዴ?" አለኝ። አመስግኜ ቀጣዩ ሱቅ ገባሁ።