አዲስ ድረ ገጽ፣ አሮጌ ኮምፒውተር

ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ ድረ ገጽ ልከፍት መሆኔን የሰማ ሁሉ «ስለ ኮምፒውተር ምኑን?» ብሎ ይጠይቀኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ለአንዱ ጨዋታ የሚጫወትበት፣ ለሌላው ሒሳብ የሚያሰላበት፣ ለሦስተኛው ፕሮግራም የሚጽፍበት ዕቃ ነው፤ ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ባገናኛቸው እርስ በርስ የሚነጋገሩት ነገር አይኖራቸውም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እናም ማታ ማታ ወረቀት ይዤ እየተቀመጥኩ ዛፌን ስመርጥ ሰነበትኩ። አሁን የመረጥኩ ስለመሰለኝ፣ ሐሳቤ ሳይበተን ምክንያቶቼን ላስፍራቸው።

መጀመሪያ የተሰረዘው ዜና ነው። አዲስ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ወጣ፣ አዲስ ላፕቶፕ ተዋወቀ የሚል ጽሑፍ ጠዋት ተጽፎ ማታ ያረጃል። አምራቾቹም መረጃውን እስከተወሰነ ሰዓት እንዳይወጣ ቃል አስገብተው አስቀድመው የሚሰጡት ለትልልቆቹ መገናኛ ብዙኃን ነው። ብቻውን ለሚጽፍ ሰው የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። የአዳዲስ ዕቃዎች ግምገማም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዕቃውን ሳይዙ መገምገም አይቻልም፣ ለመያዝ ደግሞ ወይ መግዛት ወይ አምራቹን ማስደሰት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን አልፈልገውም።

ቀጥሎ ያሰብኩት «ራም ምንድን ነው?»፣ «በፕሮሰሰርና በግራፊክስ ካርድ መካከል ያለው ልዩነት» የሚሉ መሠረታዊ ማብራሪያዎችን መጻፍ ነበር። ይህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥሩ ምርጫ ይሆን ነበር። ጎግል እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጁ መልሶችን ከፍለጋው ውጤት በላይ ማስቀመጥ ከጀመረ ወዲህ ግን እንዲህ ላለ ጥያቄ አንባቢው ወደ የትኛውም ገጽ ሳይገባ መልሱን እዚያው ያገኛል። ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እኔም ራሴ እዚያው አንብቤ ነው የምሄደው። ማሽን በቀላሉ ሊመልሰው በሚችለው ነገር ላይ ሌሊት ማጥፋት ግን ምን ይጠቅመኛል? ያው ጎግል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የገጾችን ጥራት ለሚመዝኑ ሠራተኞቹ በሚሰጠው መመሪያ ላይ «ልምድ» የሚል መመዘኛ ጨምሯል፤ ጸሐፊው የሚያወራለትን ነገር በእጁ ይዞት ያውቃል ወይ ማለት ነው። መመሪያው ቢኖርም ባይኖርም ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ በእጄ የያዝኩት ምንድን ነው?

ለታሪክ ልቤ ተከፍሎ ነበር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያስተዋወቀው 305 ራማክ የተባለ ኮምፒውተር የዲስክ ክፍሉ ብቻ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ተደራርበው የሚሽከረከሩበት ይህ ግዙፍ ዕቃ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ያንን ቦታ ይሞላዋል። ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ የመጣው የኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር ደግሞ 2,300 ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች) ይዞ በጣት ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ነበር። እንዲህ ያለውን ሌሊቱን ሙሉ ብጽፍ አይሰለቸኝም። አንባቢው ግን ይደነቃል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። ተመልሶ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም። ስለዚህ ታሪክ በሌላ ጽሑፍ መሐል ጣል የሚደረግ ነገር ሆኖ ይቆየኝ ብዬ በወረቀቱ ኅዳግ ላይ ጻፍኩት። ልሰርዘው አልጨከንኩም።

አንድ ጓደኛዬ «ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ አንተ ስለ ሌላ ነገር ብትጽፍ ማን ያነብሃል?» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራ ከሆነ አንድ ሰው ቢቀር አይጎድልም አልኩት። ተሳሳቅን፤ በልቡ ግን አልተስማማም።

ሐሳቤን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ባለቤቱ የምትቀርበኝ ሴት ናት። «ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል፤ የትኛውንም ገጽ ስከፍት ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም ይለኛል» አለችኝ። መስመሩን አስፈትሻለች፣ የኢንተርኔት ማሰሻውን አጥፍታ እንደገና ጭናለች፣ ቫይረስም ፈልጋ አጥታለች። ቁጭ ብዬ ሳየው ዓይኔ ያረፈው ከማያ ገጹ ግርጌ በቀኝ በኩል ባለው ሰዓት ላይ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ያለፈ ቀን ያሳያል።

የኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚገናኙበት ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ፣ ሲአር2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ጊዜ ሰዓቱ እንዳይቆም ማድረግ ነው። አቅሟ ሲያልቅ ማሽኑ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው መነሻ ይመለሳል። የገጹን ማንነት የሚመሰክረው የድረ ገጾች የደኅንነት ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው፤ ማሰሻው እነዚህን ቀኖች ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያስተያያል። ሰዓቱ ሰርተፍኬቱ ገና ባልተሰጠበት ዓመት ላይ ከቆመ ማሰሻው ገጹን አላምንም ይላል። ኮምፒውተሩ ራሱ ዘመኑን ስቶ ዓለሙን ሁሉ ሐሰተኛ ያደርገዋል። ካቻቪቴ ይዤ ሽፋኑን ፈታሁ፣ የባትሪዋን መያዣ በጥፍሬ ገፋ አድርጌ አሮጌዋን አወጣሁ፣ አዲሷን ጽሑፍ ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ሆኖ አስገባሁ፣ ቀኑን አስተካከልኩ። ገጾቹ ሁሉ ተከፈቱ።

እኔን ያስገረመኝ ጥገናው አይደለም፤ ለባለሙያ ይህ ተራ ነገር ነው። ያስገረመኝ እሷ መልሱን ፈልጋ ልታገኘው አለመቻሏ ነው። በመፈለጊያው ላይ የጻፈችው «ኢንተርኔት አልሠራም አለ» የሚል ነው። መልሱን የያዙት ጽሑፎች ርእሳቸው «የማዘርቦርድ ባትሪ አለዋወጥ» ነው። ሁለቱ እንዴት ይገናኙ? የተቸገረ ሰው የሚጽፈው በዓይኑ የሚያየውን ነው፤ የተበላሸውን ክፍል በስሙ ቢያውቀው ኖሮ ግማሹን መንገድ በጨረሰው። አብዛኛው የኮምፒውተር ጽሑፍ ግን በክፍሎቹ ስም የተደረደረ ነው፤ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ብዙም አይፈልገውም።

ከዚያ በኋላ በወረቀቴ ላይ የዕቃ ስም መደርደሩን ትቼ ሰው መፈለግ ጀመርኩ። የማን ድረ ገጽ ይሁን? ያገኘሁት ሰው ይህ ነው፦ ስምንት ወይም አሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒውተር አለው፣ አዲስ የመግዛት ሐሳብ የለውም፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለው። የኮምፒውተር ፍቅር የለውም፤ እንዲያፈቅርም አልጠብቅበትም። የሚፈልገው ማሽኑ እንዲነሳለት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ቁጥሩ ትንሽ አይደለም፣ ሰሞኑንም በዝቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የመጡትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወይም አቻዎቻቸውን ይጠይቃል። በመካከል የቀሩት ማሽኖች አልተሰበሩም፣ አልዘገዩም፣ ትናንት የሚሠሩትን ዛሬም ይሠራሉ፤ የደኅንነት ማሻሻያ ግን አይደርሳቸውም። ባለቤቶቻቸው የሚሰሙት ምክር «አዲስ ግዛ» የሚል ነው። ይህን ምክር የሚሰጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግዢው የሚጠቀሙት ናቸው። ሌላ መንገድ አለ፤ ለተራዘመው የአንድ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገብ፣ ወይም በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ሥርዓት መጫን፣ ወይም ማሽኑን ከኢንተርኔት አላቅቆ ለጽሕፈት ብቻ መጠቀም። የትኛው ለማን እንደሚሻል በወጉ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለው ሰው በሚገባው ቋንቋ ብዙም አላየሁም።

መስኩ ጠቦ ይደርቅብኝ እንደሆነ ልፈትነው ብዬ ሊጻፉ የሚችሉ ጉዳዮችን ማስፈር ጀመርኩ፤ ወረቀቱ አለቀ እንጂ ጉዳዩ አላለቀም። ለምሳሌ ላፕቶፑ ተከፍቶ እስኪነሳ ድረስ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል እንበል። የትኛው ክፍል ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ሲከፍቱት ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ ላይ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ምክንያቱ በአብዛኛው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለበት፤ ይህ ብቻ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፣ የማንበቢያው ክንድ ቦታውን ለማግኘት የሚወስድበት ጊዜ ሳይጨመር። ስለዚህ ተበታትኖ የተቀመጠን መረጃ ሲያነብ በሰከንድ መቶ ያህል ቦታ ቢደርስ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺሕ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የተባለ መረጃ ማስቀመጫ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በሰከንድ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ንባቦችን ያካሂዳል። ያንን አንድ ዕቃ መለወጥ ከአዲስ ፕሮሰሰር ይልቅ የሚታይ ለውጥ ያመጣል፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁት ያለ ፍርሃት እጽፈዋለሁ።

ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት የራም ጉዳይ ደግሞ አለ። ሰው «ዲዲአር3 ነው» ተብሎ ገዝቶ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ላይ ልክ ይገባል፣ ማሽኑ ግን አይነሳም። በ1.5 ቮልት የሚሠራ ዲዲአር3 አለ፣ በ1.35 ቮልት የሚሠራ ዲዲአር3ኤል አለ፤ ሁለቱ በቅርጽ አይለዩም፣ አንዳንድ ላፕቶፖች ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ። ብዙ ራም መጠቀም የማይችለውን ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የጫነ ሰው ራሙን 8 ጊጋባይት አድርሶ ከ4 ጊጋባይት ያነሰ ሲያይ የሚደናገጠውም እንዲሁ የራሱ ገጽ ይገባዋል።

ይህ መስክ አንድ የማይታይ ጥቅም አለው። የዜና ጸሐፊ ዕቃው ባረጀ ቁጥር ጽሑፉ ይሞትበታል፤ የእኔ ግን ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው። ዛሬ በደስታ ተገዝቶ የሚከፈት ላፕቶፕ ሁሉ ቀኑን ጠብቆ ወደ እኔ ይመጣል። ማሽኖቹም ተሠርተው ያለቁ ስለሆኑ ጠባያቸው ታውቋል፤ የጻፍኩት ነገር በየወሩ አይገለበጥብኝም።

ገንዘብን በተመለከተ ራሴን አላታልልም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ1996 የኮሚሽን አሠራሩን ከጀመረ ወዲህ ስለ ኮምፒውተር የሚጽፉ ብዙዎች የሚኖሩት አንባቢያቸው በገጻቸው በኩል አልፎ ሲገዛ በሚያገኙት ድርሻ ነው። «አትግዛ» እያለ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ምን ያገኛል? ጥቂት። ኤስኤስዲ ይሸጣል፣ የራም ካርድ ይሸጣል፣ የላፕቶፕ ባትሪና ማራገቢያ ይሸጣል፤ ከእነዚህ የሚገኘው ድርሻ ግን ከአንድ አዲስ ላፕቶፕ ጋር አይወዳደርም። ማስታወቂያ ሰጪም የማይገዛ አንባቢ አይወድም። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የመረጥኩት። ሌላ የምተዳደርበት ሥራ አለኝ፤ ድረ ገጹ የራሱን ወጪ ቢሸፍን ይበቃኛል። ሥራ ለቅቆ ለሚጀምር ሰው ግን ይህን ምርጫ አልመክርም።

ድንበሩንም አሁኑኑ ላስምር። የላፕቶፕ ባትሪ አብጦ የእጅ ማሳረፊያውን ሽቅብ ከገፋው፣ መጠገን አይደለም መጠቀምም ማቆም ነው፤ የተወጋ ወይም የተጨፈለቀ የሊቲየም ባትሪ እሳት ያስነሳል። እንዲህ ያለውን ነገር «በቤትዎ ይሞክሩት» ብዬ አልጽፍም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረም የመጀመሪያው ምክሬ ፋይሎቻችሁን ገልብጡ ነው፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ለመለዋወጫው የሚወጣው ገንዘብ ከራሱ ዋጋ ይበልጣል፤ ያንንም በግልጽ መናገር አለብኝ፣ አለበለዚያ ከሻጮቹ በምን እሻላለሁ?

ስልክ አይገባም። የጨዋታ ኮምፒውተርም አይገባም። ሊኑክስ ይገባል፣ ግን ለአሮጌ ማሽን በሚጠቅምበት መጠን ብቻ፤ የትኛው ሊኑክስ ይበልጣል የሚለው ክርክር መጨረሻ የለውም፣ የገቡበት ሲወጡ አላየሁም። ስሙን አልወሰንኩም። የመጀመሪያው ጽሑፍ የሰዓቱ ነገር ይሆናል፣ ርእሱም «ሁሉም ገጽ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም ሲላችሁ» የሚል። ሁለተኛው የዲስኩ። ፕሪንተርን የሚጠይቅ እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ የሰው ሁሉ መከራ እሱ ነው፣ አንባቢም ያመጣል። ፕሪንተር ግን አልነካም።